ሐይቅ ላይ የተቀረጸ ባሕር

ጫት ከገባ በኋላ ጅቡቲ ትተኛለች። ሱቆቹ መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ ሚኒባሶቹ ይጠፋሉ፣ ድመቶቹ እንኳ ከቆመ መኪና ሥር ተጋድመው አይንቀሳቀሱም፤ ፀሐይ እስክትበርድ ድረስ መንገድ ላይ የሚታየው ኻምሲን የሚሉት ያ ትኩስ ነፋስ የሚያንከባልለው ፌስታል ብቻ ነው። ቡልቻ ግን አይተኛም። ቡላኦስ በሚሉት ሰፈር ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ በተከራያት ክፍል፣ ወለሉ ላይ በዘረጋት ፍራሽ ተንጋሎ ማራገቢያውን ያያል፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ የእሱም ሐሳብ አብሮ ይዞራል፤ ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሰዓት የማራገቢያው ጩኸት እንዳይሰማ አንሶላ ተከናንቦ ስልኩ ላይ ድምፁን ይቀዳ ነበር፣ ዛሬ ግን ጧት እህቱ አበሩ ከአሰላ ደውላለች፣ በራሷ ቁጥር ደውላ ቢሆን ኖሮ አያነሳም ነበር፣ ይህን ሲያስበው ፊቱ ይግላል፣ በጎረቤት ስልክ ስለደወለች ነው ያነሳው፣ አልተቆጣችም፣ ለምን ጠፋህ አላለችም፣ ሲምቦ የለችም ነው ያለችው። ልጄ የለችም። ሥራ አገኘሁ ብላ ከጎረቤታችን ልጅ ከኢማን ጋር አዲስ አበባ ሄደች፣ ከሄደች ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው፣ የኢማን ወንድም ሲጨንቀው ተናገረ፣ ድንበር ተሻግረዋል፣ ከዚያ ኦቦክ ነው፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን ነው፣ ከየመን ሳዑዲ ነው። ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ የማታውቀው አበሩ ይህን ሁሉ የአገር ስም ሳትሳሳት በተራ በተራ ጠራችለት። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«አንተ እያለህ እኮ ነው ቡልቻ። አንተ እዛ እያለህ» አለችው።

አሁንም ትላለች። ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ትላለች። አምና ደውላ ሲምቦ መምህራን ኮሌጅ ጨርሳ ምደባ አጥታ ቤት ተቀምጣለች፣ እስቲ እዛ የሆነ ነገር ፈልግላት ብላው ነበር፣ እሺ እትዬ፣ እስቲ ልየው አላት፣ አላየውም፣ ምኑን ይየው፣ እሱ ራሱ አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ለአገሩ የሚጫነውን ኮንቴይነር ወረቀት ከመስኮት መስኮት ሲያሯሩጥ የሚውል ሰው ነው፣ የመኖሪያ ካርዱን ለማሳደስ ካስገባ ስንት ጊዜው፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ያለው ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዶ በተሰለፈ ቁጥር ቅዳሜ ና ይሉታል፣ ቅዳሜ ሲሄድ ሐሙስ ነበር መምጣት የነበረብህ ይሉታል፣ እስከዚያው የሚንቀሳቀሰው አንዲት የተጣጠፈች ደረሰኝ ይዞ ነው፣ ራፍል የወጣ ቀን፣ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ በመኪና ሲሰበስብ ማለት ነው፣ ያቺ ደረሰኝ ታድነው አታድነው አያውቅም። ይህን ለአበሩ እንዴት ብሎ ይንገራት? እዚያ ሰፈር እሱ ውጭ አገር ያለው ወንድም ነው። ስለዚህ ስልክ ማንሳት ተወ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ላሳልፍ ብሎ ነበር የተወው፤ ከዚያ በኋላ ለምን እንዳላነሳ ማስረዳቱ ራሱ ከበደው፤ ከዚያ በቃ ጠፋ።

ለአበሩ ጠፋ እንጂ ለሌላው ዓለም አልጠፋም፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበው። ቴሌግራም ላይ «የኋላ ወንበር» የሚል ቻናል አለው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ፊልም ያወራል፣ ብዙ ሺህ ሰው ያደምጠዋል፣ አዋሳም ቤይሩትም ሪያድም። የጃፓኖቹንም የጣሊያኖቹንም የድሮ አዘጋጆች አንድ በአንድ እያነሣ ከመጨረሻው እስከ አንደኛው ደረጃ ሲሰጥ ከርሞ አሁን ተክለወልድ ላይ ደርሷል። ተክለወልድን በሕይወት ሳለ ያወቀው ሰው ጥቂት ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ እያለ በትርፍ ሰዓቱ፣ በተዋሰው ካሜራ፣ በዘመዶቹ ተዋናይነት ስድስት ፊልም ሠርቶ ማንም ሳያይለት የሞተ ሰው ነው፤ ከሞተ በኋላ የእህቱ ልጅ ከሳጥን አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ ሲለቃቸው ወጣቱ አበደላቸው፤ ከፊልሞቹ የተቆረጠ ፎቶ ቲሸርት ላይ የሚያትም ሁሉ መጣ። ቡልቻ ስድስተኛ «አቧራ ለባሾች»ን አለ፣ ወረዱበት። አምስተኛ «ባለ ሁለት ሬዲዮ ቤት»ን አለ፣ ባልና ሚስት በየራሳቸው ሬዲዮ የተለያየ ጣቢያ እያደመጡ የሚያረጁበትን፣ በዚያም ወረዱበት። እንዲህ እንዲህ እያለ ትናንት ሁለተኛው ላይ ደረሰ፤ ሁለተኛ «ጠበቃው አልመጣም» ነው አለ፤ የቀረው «ጨው ጫኝ» ብቻ ስለሆነ አንደኛው የቱ እንደሆነ ሁሉም ገባው፣ እሱም አላስቻለውምና ስለ «ጨው ጫኝ» የመጨረሻ ምስል ትንሽ አቀመሳቸው። ልጅቷ ውሃው ዳር ቆማለች። ጀልባዋ ትጠብቃታለች። አንድ እግሯን አነሣች፣ ጀልባዋ ላይ ሳታሳርፈው ፊልሙ ተቆረጠ። ተክለወልድ መድረስን አያሳየንም፣ አለ ቡልቻ በዚያ ሰው በሚወድለት ዝግ ባለ ድምፁ፣ ምክንያቱም በሰው ልጅ ሕይወት ውስጥ ከመነሳት የበለጠ ውብ ነገር የለም።

ከመነሳት የበለጠ ውብ ነገር የለም። ብሎታል። በገዛ አፉ። የእህቱ ልጅ በየትኛው በረሃ በየትኛው መኪና ላይ ታጭቃ ይሆን እሱ ይህን ሲል? ሰምታው ቢሆንስ? ከመነሳቷ በፊት ሳምንት በሳምንት ስትሰማው ከርማ ቢሆንስ? ሲምቦን ፊልም ያስተማራት እሱ ነው። አሰላ እያለ ቪዲዮ ቤት ይሠራ ነበር፣ ካሴት የሚቀይረው እሱ ነበር፣ አበሩ ገበያ የምትወጣ ቀን ልጅቷን ለእሱ ትተዋት ትሄዳለች፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ያስቀምጣታል፣ ሳንቡሳ ያስይዛታል፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ስንተኛ ነው ይላታል፣ እሷም ካየቻቸው ሁሉ ጋር እያስተያየች ደረጃውን ትነግረዋለች፤ አጨራረሱ ያልጣማት እንደሆነ ፊቷን አጨማድዳ ሾርባ ነው ትላለች፣ ውሃ የበዛበት፣ ሥጋው የማይገኝ። ቃሉ የሁለቱ ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቶ አያውቅም።

ላቡን በአንሶላው ጠርጎ ስልኩን አነሣ። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አያውቅም፤ ልማድ ሆኖበት ቻናሉን ከፈተ። ከትናንቱ ድምፅ ሥር አስተያየት በአስተያየት ላይ ተደራርቧል። አንዷ አስተያየት ሰጪ ወራት ሙሉ ስትከራከረው የኖረች ናት፤ ስሟን «ቆሜ ያየሁ» ብላለች፤ አጭር አጭር ትጽፋለች፣ አታመሰግንም፣ ቡልቻ ያናድደኛል ቢልም ድምፅ ለቅቆ መጀመሪያ የሚፈልገው የእሷን መልስ ነው። ዛሬም ጽፋለች። «ባሕር ያልከው ባሕር አይደለም። ሐይቅ ነው። ትናንት ባሕር አየሁ፣ ባሕር እንደዛ ዝም አይልም። ‹ጨው ጫኝ›ን አንደኛ ካልከው ሾርባ ነው።»

አንድ ጊዜ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ተነሥቶ ተቀመጠ። ሲምቦ ብሎ መጻፍ ፈለገ፣ ጣቱ እምቢ አለው፤ ስሟን ብጠራ ደንግጣ ብትጠፋስ፣ ብትዘጋውስ፣ ይህቺ ክር ብትበጠስ ሌላ ክር የለውም። ብልሃት መጣልኝ አለና እንደ ማንኛውም ተከራካሪ መለሰላት። ሐይቅ መሆኑን በምን አወቅሽ አላት። ማዕበል የለውማ፣ ደግሞ ዳሩ ላይ ቄጠማ ይታያል፣ ባሕር ዳር ቄጠማ የለም አለችው። የት ባሕር አይተሽ ነው አላት። ባሕር ባሕር ነው አለችው። ቀለሙስ አላት፣ ተክለወልድ እኮ በጥቁርና ነጭ ነው የቀረጸው አላት፣ እንዳትጠፋበት ብሎ ስለ ካሜራ ያወራል፣ ነጭ ነው አለችው፣ ዓይን ያሳምማል፣ ያቺ ልጅ ፀሐይ ላይ ቆማ ዓይኗን ሳትጨፍን ታያለች፣ አትችልም፣ ውሸት ነው። እያንዳንዱ መልስ እስኪመጣ ድረስ ስልኩን በሁለት እጁ እንደ ወፍ ጫጩት ይዞት ነበር። ሌሎች ገብተው መቀላቀል ጀመሩ፤ አንዱ ስድብ ጻፈ፣ ሌላው የትኛው ሐይቅ እንደሆነ ዝዋይ ነው ላንጋኖ ነው ብሎ ክርክር ከፈተ፤ ከዚያ እሷ ዝም አለች። ባትሪዋ አልቆ ይሆናል፣ ያ የሚወስዳቸው ሰው ስልኳን ተቀብሏት ይሆናል፣ አሁን በዚህች ሰዓት መኪና ላይ እየወጣች ይሆናል፣ እሱ ግን ስለ ቄጠማ ይጠይቃታል። ብልሃቱ ሁሉ አስጠላው። በግል መስመር ገብቶ ጻፈላት።

«ሲምቦ። ጋሼ ነኝ። የት ነሽ?»

ማየቷን የምታሳየው ምልክት በራች። ማራገቢያው ይዞራል፣ ታች መንገድ ላይ ሰው አልፎ አይሄድም፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፣ ክፍሏ ወዲያው እንደ ምድጃ ሆነች፣ እሱ አልተነሣም። ከዚያ መልሷ መጣ። «ጋሼ፣ ለማወቅ ይሄን ያህል ጊዜ ፈጀብህ?» ይላል። ወደ ላይ ወደ ድሮዎቹ አስተያየቶች ተመለሰ፣ ሾርባ፣ ስለ «አቧራ ለባሾች» በጻፈችው ላይ አለ፣ ስለ ሬዲዮዎቹ በጻፈችው ላይም አለ፣ ወራት ሙሉ በራፉን ስታንኳኳ ነበር፣ እሱ ስለ ፊልም የምታውቅ አንዲት ሴት አገኘሁ ብሎ ደስ ሲለው ነበር። ይቅርታ ሊል ጀመረ፣ አጠፋው። የት ነሽ ብሎ ደገመው። እንዳትመጣ አለችው። ከዚያ ቆይታ፣ በጣም ቆይታ፣ «ካርቲየ 3 የሚሉት ሰፈር። ሁዳ የሚሏት ሴትዮ ቤት፣ በሩ ሰማያዊ ነው። ማታ ሊመሽ ሲል ነው የምንወጣው። ለእማዬ እንዳትነግር።»

ጅብሪልን ጫት ከሚቅምበት ከመርፈሹ ላይ ነው ያነሣው። ጅብሪል የቢሮው ሾፌር ነው፣ የዚሁ አገር ሰው፣ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከቡልቻ አማርኛ ይፈጥናል፤ ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ ሰማውና የምርቃናውን ሰዓት ማንም እንዲነካበት የማይፈልገው ሰው ያለ አንድ ቃል ቁልፉን አነሣ። መኪና ውስጥ ግን ተናገረ። ያቺን ቤት ያውቃታል፣ ሁሉም ያውቃታል፣ ፖሊስም ያውቃታል፣ ራፍል የሚጀምረው ከዚያ ሰፈር ነው፣ አንተ ደግሞ ደረሰኝ እንጂ ካርድ የለህም፣ ቁጭ በል እኔ ገብቼ ልጥራት አለ። ቡልቻ አይሆንም አለ። ይህን ሲል የገዛ ድምፁ አስደነቀው፤ ከያዙት ወደ ድንበር ይወስዱታል፣ ሥራው ይሄዳል፣ ክፍሏ ትሄዳለች፣ አሰላ በባዶ እጁ ይገባል፣ አበሩ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፣ አንተ እያለህ ትለዋለች። መኪናዋ በቆርቆሮና በጣውላ የተሠሩት ቤቶች መካከል እየተሹለከለከች ስትሄድ እሱ በየማዕዘኑ ሰማያዊ መለዮ ይፈልጋል።

ሁዳ ወፍራም፣ ደከም ያለች ሴት ናት፣ አረብኛና አማርኛ ቀላቅላ ትናገራለች። መጀመሪያ እንዲህ የምትባል ልጅ የለችም አለች፤ ጅብሪል በሶማሊኛ የሆነ ነገር ሲላት ቡልቻን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ አባት ነህ አለችው፣ አጎት ነኝ አላት፣ አጎት ሲመጣ ዛሬ ገና አየሁ ብላ በሩን ለቀቀች። ውስጥ ሴቶች በየግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ጠጉር ትሠራለች፣ አንዷ ተኝታለች፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሲምቦ ከጓሮ በኩል መጣች። ትቷት የመጣው ጉርድ ቀሚስ የምትለብስ ኮረዳ ሳለች ነበር፤ ይህቺኛዋ ረጅም ናት፣ ከንፈሯ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፣ በጥቁር ሻሽ ተጠቅልላለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው፣ የሚፈርድ ዓይን።

«ጋሼ፣ ከስተሃል» አለችው።

ደጃፉ ላይ ጥላ ያለበት ቦታ ተቀመጡ። ኢማን፣ ፊቷ ክብ የሆነች ሳቂታ ልጅ፣ ሰላም ብላው ውሃ አምጥታ ተመለሰች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት፤ ከጧት ጀምሮ ሲያብሰለስለው የዋለው ብቻ ወጣ። እኔ ነኝ አላት። ያን የምለውን እየሰማሽ ነው፣ ስለ መነሳት የምለውን፣ እኔ ነኝ ለዚህ ያበቃሁሽ፣ አይደል? ሲምቦ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዞር ብላ አየችው፤ አበሩ የተበላሸ ሽንኩርት ከጤነኛው ስትለይ የምታየውን ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ለፊልም ብዬ ባሕር የምሻገር እመስልሃለሁ? እኔ እኮ ያንን ፊልም ስድስተኛ ነው ያደረግሁት።» ውሃውን ወደ እሱ አስጠጋች። «አንተ ስታወራ ደስ ይለኛል። ድምፅህን መስማት ስለምፈልግ ነው የምሰማው። ስልክ አታነሳማ።»

ከዚያ ነገረችው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ዲፕሎማዋን ይዛ በየወረዳው ስትዞር መክረሟን፣ ሞባይል ቤት ተቀጥራ ባለቤቱ እጁን መሰብሰብ ሲያቅተው ትታ መውጣቷን፣ ሰፈር ውስጥ ሲምቦ ዛሬም አለሽ እንዴ የሚሏት መብዛታቸውን። ኢማን አክስት አላት፣ ጂዳ። ይኸው ነው። ቡልቻ ሲሰማ ቀለል አለው፣ ደግሞ ወዲያው አመመው፤ ጥፋቱ የእሱ ቃል አለመሆኑ አሳረፈው፣ ቃሉ ለእሷ ያን ያህል ክብደት እንደሌለው ማወቁ ደግሞ አሳፈረው፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ይህን የሚመዝን ጭንቅላቱ ራሱ አስጠላው። ጀልባውን ነገራት። ወደብ ላይ የሚሰማውን ነገራት፣ ሰው ሲጨናነቅ አውጥተው የሚጥሉትን፣ ገና ጥልቁ ላይ ሳሉ ውረዱ የሚሏቸውን። አውቃለሁ አለችው፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ እዚህ የተቀመጥነው ሳናውቅ መሰለህ? ከዚያ ቀጥ ብላ ጠየቀችው።

«ብቀርስ ምን አለኝ?»

ትልቅ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። የማውቀው ሰው አለ ሊል፣ ኤምባሲ ሊል፣ ትምህርት ቤት ሊል። ሁሉም የዚያ የእስቲ ልየው ዘመዶች ሆነው ታዩት።

«ምንም የለኝም» አላት። «አንድ ክፍል አለችኝ። ወረቀቴም ገና አልተሰጠኝም። ሥራ አገኝልሻለሁ አልልሽም፣ አንዴ ብዬ ዋሽቻለሁ። ግን አብሬሽ እፈልጋለሁ። ካላገኘን እኔ ራሴ አሰላ ድረስ እወስድሻለሁ፣ ገብቼም እናትሽን ፊት ለፊት አያታለሁ።»

ሲምቦ መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ትጭራለች። እሱ ለእማዬ እንዳትነግር ያለችውን እያወቀ ስልኩን አወጣና ደወለ፤ አበሩ ወዲያው አነሣች፣ ከጧት ጀምሮ ስልኩን ከእጇ አላወረደችም ማለት ነው፤ አግኝቻታለሁ አለና ለሲምቦ ዘረጋላት። ሲምቦ በቁጣ አየችው፣ ግን ተቀበለች። የአበሩ ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። ይለቀሳል ብሎ ጠብቆ ነበር፣ ተመለሽ ይባላል ብሎ ጠብቆ ነበር። አበሩ ግን ዲፕሎማሽን ይዘሽው ነው ወይ የሄድሽው፣ ቤቱን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት አለች። ይዤዋለሁ አለች ሲምቦ። በምን ጠቅልለሽ? በላስቲክ። «አንድ ላስቲክ አይበቃም» አለች አበሩ፣ «ድርብ አድርጊው ልጄ። ውሃ እንዳይነካው።» ያኔ ሲምቦ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አጎነበሰች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ቡልቻም የሚያደርገው ጠፍቶት ጀርባዋ ላይ እጁን አሳርፎ መንገዱን፣ የመንገዱን ጫፍ፣ ፖሊስ ሊመጣበት የሚችለውን ጫፍ ያያል።

መኪናው ሊመሽ ሲል መጣ፣ ሸራ የለበሰ ፒክአፕ። ሴቶቹ ያለ ወሬ ወጡ። ሲምቦ ከደጃፉ አልተነሣችም። አልሄድም ብላ አልተናገረችም፣ አልተነሣችም ብቻ፤ ኢማን መጥታ ስታያት ገባት፣ ተቃቀፉ፣ ኢማን ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ብላት ሁለቱም ሳቁ፣ ከዚያ ኢማን ሮጣ መኪናው ላይ ስትንጠላጠል አንድ ጫማዋ ወልቆ ወደቀ፣ ሁዳ እየተራገመች አንሥታ ወረወረችላት፣ መኪናው ኢማን ጫማውን ከመቅለቧ በፊት ተንቀሳቅሶ ነበር። ቡልቻ አየ። ሲነሱ ይህን ይመስላል። ማንም እግሩን በዝግታ አያነሳም፣ ማንም ወደ ሩቅ አያይም።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀኖች በእሱ ራስ ውስጥ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ናቸው። ክፍሏን በመጋረጃ ለሁለት ከፈሏት። እሱ ፍራሹን በሩ ሥር ዘረጋ፣ ነፋስ ይገባልኛል አላት፤ ሁለቱም ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ጧት ጧት ቢሮ ሄዶ ልቡ እቤት ይውላል፣ ቁልፉን በሩ ላይ ሲሰካ ክፍሉ ባዶ ይሆናል ብሎ ሳያዞረው ያዳምጣል፣ ሲምቦ ግን አለች፣ ወርቅነሽ የምትባል የሰፈሩ ሐበሻ ልጆቿን ፊደል እንድታስቆጥርላት ጠይቃታለች፣ ለጊዜው ነው ትላለች፣ ሁሉንም ነገር ለጊዜው ነው ትላለች። የኢማን ስልክ አይሠራም። ከዚያ አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ሰዎች ስልክ ላይ ተሰብስበው አየ፤ ከኦቦክ ማዶ አንዲት ጀልባ ተገልብጣለች፣ ስም የለም፣ ቁጥሩም አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ይላል። ላይነግራት ወስኖ ቤት ሲገባ አውቃ ጠበቀችው። አላለቀሰችም። ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም ያቺን የወለቀች ጫማ በሐሳባቸው ያያሉ።

አንደኛው የታል ይላሉ የቻናሉ ሰዎች። ቡልቻ ሞተ እንዴ ይላሉ። እሱ ስለ ፊልም ማሰብ ነውር ሆኖበት ነበር፤ ቅዳው ያለችው ሲምቦ ናት፣ ዝም ብለን ተቀምጠን ከምናብድ። ከተማው በተኛበት ሰዓት ሁለቱም አንሶላ ስር ገቡ፣ እንደ ልጆች፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ስልኩን መሐል አድርገው። «ጨው ጫኝ»ን ወደ ሁለተኛ አወረደው። ለምን እንደሆነ ሲያስረዳ ምላሱ ተሳሰረ፤ ባለፈው ያልኩትን ተዉት፣ ያን ያልኩት ባሕር ሳላይ ነው ሊል ነበር፣ ባሕር አጠገብ ስንት ዓመት እየኖረ። አንደኛ «ጠበቃው አልመጣም» ሆነ። ፊልሙ ሙሉውን አንድ የፍርድ ቤት ኮሪደር ነው፤ አንዲት እናትና ልጅዋ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቃ ይጠብቃሉ፣ ይመሻል፣ ዘበኛው ይዘጋል። ቡልቻ ድሮ ቀስ ይላል ብሎ ነው ሁለተኛ ያደረገው። ሲምቦ አቋረጠችው። ቀስ አይልም አለች፣ እንደሱ ነው የሚኬደው፣ እናትየዋ ልጅቷን ስንት ጊዜ ነጠላዋን ስታስተካክልላት አላየህም፣ ሌላ የምታደርግላት ነገር የላትም እኮ፣ ደግሞ ማንም እዚያ ኮሪደር ላይ ይሆናል አይልም፣ አይሆንም አይልም፣ ተክለወልድ የማያውቀውን ያላወራበት ፊልም እሱ ብቻ ነው። ክርክራቸውን ሳይቆርጥ ለቀቀው። ይቺ ማን ናት አሉ። የእህቴ ልጅ ናት ብሎ ጻፈ፣ ይህን በአደባባይ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነበር።

ስልኩ የጮኸው ወርቅነሽ ልጆቿን ወስዳ ከወጣች በኋላ ነው፣ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ። የማይታወቅ ቁጥር። ሲምቦ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ማነው አለች፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። ቡልቻ ፊቷን ብቻ ያይ ነበርና ምንም ማንበብ አልቻለም፤ ሞታለች፣ የሚነግራት ሰው ነው፣ አይ የራሷ ድምፅ ነው፣ የክቡ ፊት ሳቅ ነው የሚሰማው፣ ኢማን ናት። ሌላ ጀልባ ነበር የተገለበጠው። የመን ገብታለች፣ እግሯ ቆስሏል፣ የአክስቷ ባል ሰው ይልካል። ሲምቦ አልሐምዱሊላህ አለች፣ በኢማን ቋንቋ፣ ደጋግማ፣ እንባዋ እየወረደ። ስልኩ ሲዘጋ ግን እንባው አልቆመም፤ ቡልቻ እያየ እንባው መልኩን ቀየረ፣ የመጀመሪያው የደስታ ነበር፣ ይህኛው ምን እንደሆነ ፈራው።

«ደርሳለች» አለች ሲምቦ ወደ እሱ ሳታይ። «እኔም ብሄድ ደርሼ ነበር።»

ምን ይላታል? ልትሞቺ ትችዪ ነበር ይበላት? አልሞተችም። ደግ አደረግሽ ይበላት? ምን ይዞ። እውነትሽን ነው አላት። ደርሰሽ ነበር።

ከዚያ ተነሣና ፍራሹን ከበሩ ሥር ጎትቶ በመስኮቱ በኩል ወዳለው ግድግዳ አዞረው፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተኛ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮው ግን ተከፍቷል። ሲምቦ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ፊቷን ስትታጠብ ሰማ፣ ሻሽዋን ስታራግፍ ሰማ፣ በሩ ሲከፈት ሰማ። አልዞረም። እርምጃዋ በደረጃው ወረደ፣ ጠፋ፣ ከተማው ጭጭ ብሏል፣ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ልነሣ አለ፣ አልተነሣም፣ ልጥራት አለ፣ አልጠራትም። ከዚያ ከታች፣ ከጨርቅ ሱቁ ደጃፍ፣ ጋሪ የሚገፋው በረዶ ሻጭ እንደ ነቃ ሰማ፣ ሻጩ ላባ ላባ እያለ ሲጮህ፣ በሶማሊኛ ሁለት ሁለት ማለቱ ነው፣ ከዚያም የሲምቦን ድምፅ ሰማ፣ ላባ ደግሞ የዶሮ ነው፣ እኔ የምፈልገው በረዶ ነው ትለዋለች በአማርኛ፣ ሰውየው ምንም ሳይገባው ይስቃል፣ እሷም ሳትወድ በግድ ትስቃለች።